ባዶ ሳልባቲዮ ከሙሉው ይከፋል

እሷ፦ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ሞተር ሳይክል ነው። በተለይ ስለ ቤንዚን መያዣው፣ መካኒኮች ሳልባቲዮ ስለሚሉት። ባለፈው እሑድ ጠዋት ስነሳ ግቢያችን በሙሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ከሞተሩ ሥር ደግሞ መሬቱ ርሷል።

እሱ፦ ያ የወንድምሽ ሞተር ነው?

እሷ፦ እሱው ነው። አዲስ አበባ እያለ የገዛው ነው። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ከተማዋ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ሲከለከል ሸራ አልብሶ አቆመው። ሳልባቲዮው ውስጥ ግማሽ ያህል ቤንዚን ነበር። ሦስት ክረምት እንደዚያው ቆመ። በኋላ ወደ ሐዋሳ አመጣነው።

እሱ፦ ግማሽ ቤንዚን ይዞ ሦስት ክረምት። በይ፣ ምክንያቱን ነገርሽኝ።

እሷ፦ ግን እኮ ቤንዚን ብረት አያዝግም።

እሱ፦ ቤንዚኑ አይደለም፣ ባዶው ግማሽ ነው። እዚያ ያለው አየር ነው። ቀን ይሞቃል፣ ማታ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ የብረቱን ግድግዳ ይይዝና ጠብታ ይሆናል። ጠብታው ይወርዳል። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ደግሞ ሰባት መቶ ሃምሳ ግራም ገደማ። ስለዚህ ውሃው ቤንዚኑን ሰንጥቆ ታች ይተኛል። ከዚያ የሚያነሳው የለም።

እሷ፦ ሩቢኔቶው፣ ቤንዚኑ ከሳልባቲዮው የሚወርድበት መክፈቻ፣ አያወጣውም?

እሱ፦ የብዙ ሞተር ሩቢኔቶ ወደ ውስጥ ቆማ የምትገባ ቀጭን ቱቦ አለችው። በመደበኛው ስትነጂ ቤንዚን የሚገባው በቱቦዋ ጫፍ ነው፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ። ሪዘርቭ፣ መጠባበቂያው ላይ ስታደርጊው ነው ዝቅ ካለው ቀዳዳ የሚስበው። ከዚያም በታች የሚቀር አለ። ውሃው እዚያ ጥግ ላይ፣ ሁለቱ ቆርቆሮዎች የተጋጠሙበት ላይ ተኝቶ ይበላል። ለዚህ ነው የሚያፈሰው ሳልባቲዮ ሁሌ ማለት ይቻላል ከሥር የሚበሳው።

እሷ፦ እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። ሞተሩ ዳገት ላይ መጥፋት ከጀመረ ቆይቷል። አራት ጊዜ ጋራዥ ወሰድነው። አራቱንም ጊዜ ካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል፣ ጠረጉ፣ ገንዘብ ተቀበሉ፣ ሸኙን። አንድም ሰው የሳልባቲዮውን ክዳን ከፍቶ ወደ ውስጥ አላየም። ቡናማ ደለል ከካርቡሬተሩ ሲወጣ እያዩ!

እሱ፦ ደለሉ ከየት እንደመጣ አለመጠየቅ ትልቅ ጥፋት ነው። ዝገት ካርቡሬተር ውስጥ አይወለድም፣ ከላይ ነው የሚመጣው። አሁን ምን ያህል ያፈሳል?

እሷ፦ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ።

እሱ፦ ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ብለን እንያዝ። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው። ከ4 ሊትር በላይ ማለት ነው። ሊትሩ ከ100 ብር ባለፈበት ጊዜ። ገንዘቡ ግን ትንሹ ነገር ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት መሬት ይሄዳል። እናትሽ ቡና የሚያፈሉት የት ነው?

እሷ፦ በረንዳው ላይ። ከሞተሩ አምስት እርምጃ አይሆንም።

እሱ፦ በእግዚአብሔር፣ ዛሬውኑ ቤንዚኑን ቅዱት። ሞተሩንም ወደ ሜዳ አውጡት። ከሰሉ የግድ መንካት የለበትም፣ ትነቱ ራሱ ሄዶ ያገኘዋል።

እሷ፦ ለጊዜው ሳሙና አሽቼበታለሁ።

እሱ፦ ጥሩ አድርገሻል። ደረቅ የልብስ ሳሙና ቤንዚን አያሟሟውም፣ ለዚያ ነው የሚይዘው። ግን ጋራዥ እስክትደርሺ ብቻ ነው። ሳሙና ለጥፈው ሁለት ወር የሚነዱ አሉ። ሲነዝር ይረግፋል፣ የሚረግፈው ደግሞ እየነዳሽ ሲሊንደሩ በጋለበት ጊዜ ነው።

እሷ፦ ወንድሜ ሰፈር ውስጥ በያጅ አለ፣ በአሥር ደቂቃ ይደፍነዋል ይላል። ቤንዚኑን አፍስሰን ባዶውን እንውሰድለት ነው ሐሳቡ።

እሱ፦ አይሆንም። ይሄን ረጋ ብዬ ልንገርሽ። አባቴ ጋራዥ ነበረው፣ እዚያ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን አንድ ሰው ሳልባቲዮ ይዞ ጎረቤታችን ያለው በያጅ ጋ መጣ። «አንድ ወር ባዶውን ተቀምጧል፣ ሽታ እንኳን የለውም» አለ። በያጁ አመነው። ድምፁን ቤት ውስጥ ሆነን ሰማነው። ቆርቆሮው እንደ አበባ ተከፍቶ ነበር። ሰውየው በሕይወት ተረፈ፤ የቀኝ እጁ ግን ዳግም መሣሪያ አልያዘም።

እሷ፦ ወይኔ። ባዶ ሆኖ እንዴት?

እሱ፦ ባዶ ስለሆነ ነዋ። ሙሉ ሳልባቲዮ ውስጥ አየር የለም፣ አየር ከሌለ አይፈነዳም። ባዶው ውስጥ ግን ትነትና አየር ተቀላቅለዋል። ከመቶ ሁለት እጅ ትነት እንኳን በቂ ነው። ዝገቱና መጋጠሚያው ቤንዚን ውጠው ይይዛሉ። ሲሞቁ ይተፉታል። አፍንጫሽ ያልሰማውን እሳቱ ይሰማዋል።

እሷ፦ ታዲያ እንዴት ነው የሚበየደው?

እሱ፦ ከተቻለ ያለ እሳት። ቀዳዳው የመርፌ ያህል ከሆነና ዙሪያው ጠንካራ ከሆነ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀሽ ብረቱ እስኪያበራ ታጸጃለሽ። ከዚያ የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ሊድ ይደፈናል። ሊድ የሚቀልጠው 190 ዲግሪ አካባቢ ነው። ነበልባልም ብልጭታም የለውም። የሚያስፈልገው ትልቅ የሊድ ማቅለጫ ብረት ነው፣ የሬዲዮ መጠገኛዋ ትንሿ አታሞቀውም። ያም ቢሆን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሜዳ ላይ ነው የሚሠራው።

እሷ፦ የግድ ብየዳ ቢሆንስ?

እሱ፦ መጀመሪያ በፈላ ውሃና በኦሞ ደጋግመሽ ታጥቢዋለሽ። ሦስት፣ አራት ጊዜ። ከዚያ ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን ታዞሪውና ውሃ ትሞዪዋለሽ። የብየዳው ቦታ ሥር ብቻ ጣት የምታህል ክፍት ትቀራለች። እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳም ይተዋል። ትነት የሚጠራቀምበት ቦታ እንዲጠፋ ነው ውሃው። ይሄን ሳያደርግ ችቦ የሚያነሳ በያጅ ካየሽ ሳልባቲዮሽን ይዘሽ ውጪ። እሱንም ለምኚው፣ ልጆች ይኖሩታል።

እሷ፦ ማጣበቂያውስ? ኢፖክሲ የሚሉት።

እሱ፦ ቤንዚን የሚችል መሆኑ ከተጻፈበት ይሠራል። ተራው ግን ይለሰልሳል። ስቱኮ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፣ እሱ ለቀለም ማስተካከያ ነው። ሸፍኖ ቀለም ቀብቶ የሚሸጥ አለ፣ ያሳዝነኛል።

እሷ፦ እሺ፣ ቀዳዳው ተደፈነ እንበል። ውስጡ ያለው ዝገትስ?

እሱ፦ እሱን ሳታወጪ ቀዳዳ መድፈን ልፋት ነው። በወሩ ጎኑ ይበሳል። ሩቢኔቶውን ትፈቺና የወጣበትን ቀዳዳ ትደፍኚዋለሽ። አሮጌ የሞተር ካቴና ትከቺና ታናውጪዋለሽ። ብሎንና ጠጠር የሚከቱ አሉ። እኔ ካቴና እወዳለሁ፣ አንዱን ጫፍ ጎትተሽ ሙሉውን ታወጪዋለሽ። ከዚያ አቼቶ።

እሷ፦ የሰላጣው አቼቶ?

እሱ፦ እሱው። ነጩ። እስከ አፉ ሙዪውና አንድ ወይም ሁለት ቀን ተዪው። ክዳኑን ግን አትዝጊ፣ አሲድ ብረት ላይ ጋዝ ያወጣል። ሲትሪክ አሲድ ካገኘሽም ጥሩ ነው። የባትሪ አሲድ ግን አደራ! ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ደህናውን ብረትም ይበላል፣ ዓይንም ያጠፋል። ስትጨርሺ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ታጥቢና ቶሎ ታደርቂያለሽ። ቶሎ ያልኩት ስለምክንያት ነው። የተራቆተ ብረት በሰዓታት ውስጥ እንደገና ብርቱካንማ ይሆናል። ደርቆ ወዲያው ትንሽ ዘይት አዙሪበት፣ ወይም ቤንዚን ሙዪው።

እሷ፦ ይሄ ሁሉ ድካም ከምንሸከም አዲስ ብንገዛስ?

እሱ፦ በአውራ ጣትሽ ሥሩን ጫኚው። ከሰረገደ ወይም ከአንድ በላይ ቦታ ካረጠበ አትልፊ፣ ቀይሪው። የቦክሰር ወይም የቲቪኤስ ሞተር ከሆነ መለዋወጫ ቤት አታጪውም። የድሮ ጃፓን ሞተር ከሆነ ግን ልክ የሚገጥም ማግኘት ከባድ ነው፣ እሱን ሞተሽም ቢሆን አድኚው።

እሷ፦ የኛ ቦክሰር ነው። አሮጌውን አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ እናገኛለን ብሎ ነበር ወንድሜ።

እሱ፦ አሮጌ ከገዛችሁ ውስጡን በስልክ መብራት እዩ። ክብሪት አትጫሩ፣ የሚጭር አይቻለሁና ነው። ክዳኑ ቁልፍ እንዳለው፣ የሩቢኔቶው ቀዳዳ ከናንተው ጋር እንደሚገጥም አረጋግጡ። ከሥር የሚያርፍባቸው ጎማዎች ከጠፉ አዲስ ግዙ። ጎማ ከሌለ ብረት ብረትን እየፈተገ ደህናውን ይበሳዋል።

እሷ፦ ከገጠምነው በኋላስ?

እሱ፦ የቤንዚን ማጣሪያ፣ ፊልትሮ ጨምሩበት፣ ካርቡሬተሩንም አሁን ጥረጉት። አሁን ነው መጠረጉ የሚጠቅመው። ሞተሩ የሚቆም ከሆነ ሙሉ አድርጋችሁ አቁሙት። ላቫጆ ስትወስዱት ደግሞ ልጁን የግፊት ውሃውን ክዳኑ ላይ እንዳያደርግ ንገሩት። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ውሃው በዚያ ይገባል።

እሷ፦ የኛ ክዳን ጎማው ተሰንጥቋል። ትናንት አይቼዋለሁ፣ ምንም አልመሰለኝም ነበር።

እሱ፦ እንግዲያው ከሳልባቲዮው ጋር ክዳንም ግዙ። ቤንዚኑን ግን ዛሬ፣ ቡና ሳይፈላ።

እሷ፦ አሁን ስንጨርስ እደውልለታለሁ።