በሩን አትቆልፊበት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ከድሬ ነኝ፣ ከሳቢያን። ድምፁ እንዳይገባ ቬንትሌተሩን አጥፍቼዋለሁ። ባጃጅ ሲያልፍ ግን መስማታችሁ አይቀርም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ልጇ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ይወስዳል። ጎረቤቶቿ "ክፍል ውስጥ ቆልፈሽ አንድ ሳምንት ያዢው፣ ሱሱ ይለቀዋል" ብለዋታል። "ልጄ፣ ልቆልፍበት ወይ?" ነው ያለችኝ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። እኛም ቤት እንዲህ ተቆልፎ ያውቃል።

እናቴ፣ ዛሬ የማወራው ላንቺ ነው። አንቺ ማለቴን አትቀየሚኝ፤ ድሬ ላይ አንቺ ከንቀት እንዳልሆነ ታውቂዋለሽ።

ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው። ይህንን እንድናገር ፈቅዶልኛል። ከአራት ዓመት በፊት ከዚራ አካባቢ ባጃጇ ተገለበጠችና እግሩ ተሰበረ። ጀሶ ታሰረለት፣ ለሕመሙ ትራማዶል ታዘዘለት። እዚህ ላይ ጥፋት የለም። የተሰበረ አጥንት ያማል፣ መድኃኒቱም ያስታግሳል። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ጀሶው ተፈታ፣ ኪኒኑ ግን አልተፈታም። ያለ ማዘዣ የሚሸጥለት ቦታ አገኘ። መጀመሪያ በቀን ሁለት ፍሬ፣ ከዚያ አራት፣ ቆይቶ ስምንት። ኪኒኑን ከዋጠ ሙቀቱ አይከብደውም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቢነዳ አይደክመውም። እኛ ደግሞ ልጁ ጎበዘ ብለን ደስ ብሎን ነበር።

እዚህ ከተማ ሱስ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ጫት ነው። ወንድሜ በርጫ ላይ ብዙም አይቀመጥም። ስለዚህ ማን ይጠርጥር?

አንድ እሁድ ቡና ተፈልቶ ነበር። ቶናው ሲቀዳ ስኒው ከእጁ ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ፣ ጥርሱ ገጠመ፣ ሰውነቱ ተንፈራገጠ። ረከቦቱን በእግሩ መትቶ ስኒዎቹን በተናቸው። ጎረቤታችን ክብሪት ጭራ አፍንጫው ሥር ያዘች። እማዬ "ገብርኤል! ገብርኤል!" ትላለች። የሚጥል በሽታ ነው አልን። ዓይነ ጥላ ነው ያለም ነበር። እማዬ ለቁልቢ ተሳለች፣ ፀበልም ወሰድነው። ፀበሉን አልነቅፍም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን እኛ ስናስጠምቀው ኪኒኑ ኪሱ ውስጥ ነበር። ትራማዶል መጠኑ ሲበዛ እንደሚያንፈራግጥ ማናችንም አናውቅም። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ክብሪቱን ተዉት። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አትክተቱ፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ትራማዶል ለብዙ ሰው ቀላል ማስታገሻ ነው የሚመስለው። ግን ሞርፊን የሚባለው ብርቱ ማስታገሻ ያለበት ቤተሰብ ውስጥ ነው ያለው፤ ኦፒዮይድ የሚባሉት ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1977 ጀርመን ውስጥ ነው ለገበያ የቀረበው። ጉበታችን ሲፈጨው ከራሱ ከኪኒኑ የበረታ ነገር ይወጣዋል። ይህን ሥራ የሚያሠራው ጂን፣ ከወላጅ የምንወርሰው ዘረ መል ማለቴ ነው፣ አንዳንድ ሰው ላይ ከተለመደው በላይ ተደጋግሞ ይገኛል፤ እነዚህ ሰዎች መድኃኒቱን በፍጥነት ወደ ብርቱው ይለውጡታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ላይ ይህን አግኝቷል። ከአውሮፓውያን ጋር ሲነጻጸር በጣም ብዙ ነው። ይህንን ሳነብ ወንድሜን አሰብኩት። እሱ ከእነዚያ ውስጥ ይሁን አይሁን አልተመረመረም። ግን "ጎረቤቴ ወስዶት ምንም አልሆነም" እያሉ ኪኒን መዋዋስ ከዚያ ወዲህ ያስፈራኛል።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ።

ኪሱ ሲፈተሽ ኪኒኑ ተገኘ። እኛም ጓዳ አስገብተን ቆለፍንበት። ቁልፉ እኔ እጅ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማዛጋት ጀመረ፤ ያዛጋል፣ ያዛጋል፣ አያቆምም። ዓይኑና አፍንጫው ውኃ ሆነ። ሆዱ ተገለበጠ። በዚያ የግንቦት ሙቀት ብርድ ልብስ ስጡኝ ይላል። ሌሊት እግሩን ማሳረፍ አቅቶት በሩን ይመታል። "እህቴ፣ በእናትሽ፣ አንድ ፍሬ ብቻ።" እኔ በሩን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ሃራራ የሚለውን ቃል ለቡና ስንጠቀምበት ነበር የማውቀው። ደግሞም ብዙ የሚወስድ ሰው ኪኒኑን በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥም ሊያንፈራግጠው ይችላል። ያኔ በሩ ተቆልፎ ቢሆንስ?

በሰባተኛው ቀን ወጣ። ዶሮ ታረደ፣ እልል ተባለ። ዳነ አልን።

በአሥራ አንደኛው ቀን አገረሸበት። የዋጠው እንደ ድሮው ስምንት ፍሬ ነው። ሰውነቱ ግን ድሮ የለመደው መጠን ላይ አልነበረም፤ ልማዱን ለቆ ነበር። ስናገኘው ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ትንፋሹ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ባጃጅ ላይ ጭነን ሆስፒታል ይዘነው ሄድን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ።

ያወጣነው ኪኒኑን ከሰውነቱ ብቻ ነበር። ሱሱ ቦታው ላይ ነው። ኦፒዮይድ አቁሞ ከማገገሚያ ወይም ከእስር ቤት የወጣ ሰው ከሁሉ በላይ አደጋ ላይ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። አሜሪካ ይህን በብዙ ሬሳ ነው የተማረችው። እዚያም ነገሩ የከፋው ለሕመም ከታዘዘ ኪኒን ተነስቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ከ100,000 በላይ ሰው መድኃኒትና ዕፅ በዝቶበት ሞቷል፤ አብዛኛው በኦፒዮይድ።

ወንድሜን የረዳችው አንዲት ነርስ ናት። "ምን ኪኒን ነው የሚወስደው? ስንት ፍሬ? ከመቼ ጀምሮ?" ብላ ጠየቀችው። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። አልተቆጣችውም። ሐኪሙ በአንድ ጊዜ አቁም አላለውም። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያስቀነሰው፣ ወራት ፈጀ። ኪኒኑን እማዬ ትይዛለች፣ ጠዋትና ማታ ቆጥራ ትሰጠዋለች። በየሐሙሱ ቀጠሮ ነበረው። መሃል ላይ አንዴ ወደቀ፣ እንደገና ጀመረ። እማዬ ያን ቀን "አይዞህ፣ ነገ ሐሙስ ነው" ነው ያለችው።

ከትራማዶል የበረታ የኦፒዮይድ ሱስ ለያዘው ሰው ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። "ሱስን በሱስ መተካት ነው" የሚል ሰው ይኖራል። አቦ፣ እማዬ የግፊት ኪኒኗን በየቀኑ ትውጣለች፤ ሱሰኛ ያላት የለም። በልክ፣ በሰዓቱ፣ በሐኪም ዓይን ሥር የሚወሰድ መድኃኒት ሰውየው ሥራ ገብቶ፣ በልቶ፣ ተኝቶ እንዲያድር ያደርገዋል። ሕይወትም ያተርፋል።

እናቴ፣ ልጅሽ ላይ አትቆልፊበት። በአንድ ጊዜም አታስቁሚው። ነገ ጠዋት ሳይሞቅ አብራችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፣ የሥነ አእምሮ ክፍሉን ጠይቁ። ኪኒኑን ከነማሸጊያው ያዢ። በቀን ስንት እንደሚውጥ ራሱ ይናገር፣ አንቺ አትቆጪው፣ ዝም ብለሽ አጠገቡ ቁጭ በይ። ሲጨንቅሽ መልእክት ላኪልኝ፣ ማታም ቢሆን እሰማሻለሁ።