የአፈር አምሮት

እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ኮምቦልቻ ስላለችው፣ መከራከር ስለምትወደው እህቴ ልናገር፤ ነፍሰ ጡር ናትና።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ደረቅ አፈር ፈትታ ሰጠቻት፤ እህቴም እየቆረሰች በላች። እናቴ ፊቴን አይታ፣ «አምሮት ነው፤ ከተከለከለች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል» አለችኝ። ከየት እንደመጣ ስጠይቃት፣ «ከወንዙ ዳር ነው፤ ድሮም የምንወስደው ከዚያው ነው» አለች። ያ ቁራሽ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም፤ ምክንያቱም ወደ ቦርከና ወንዝ የሚገቡት ጅረቶች ዛሬ የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው ይወርዳሉ፤ ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣው ክሮሚየምም አንዱ ነው።

እንደ እርሳስና ካድሚየም ካሉት መርዛማ ብረታ ብረቶች ሰው ስለ አንዱ ብቻ ይጠይቃል፤ አፈር ግን ለይቶ አያቀርብም። እርሳስና አርሴኒክ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋሉ፤ ካድሚየም ግን በአብዛኛው እዚያው እንግዴ ልጁ ውስጥ ተከማችቶ የዚንክን መተላለፊያ ያውካል። ከእነዚህ ብረታ ብረቶች ጋር ያለጊዜ መወለድና የክብደት ማነስ ተያይዘው ይነሳሉ። አፈር መብላት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ጋር አብሮ ይታያል፤ ብረት ያነሰው አንጀት ብረት ለማግኘት በሩን ሲከፍት እርሳስና ካድሚየም አብረው ይገባሉ፣ አፈሩም በምግቧ ያለውን ጥቂት ብረት ይይዝባታል።

እናቴን እኔን ስታረግዝ አፈር በልታ እንደሆነ ጠየቅኋት። «አንተማ የጓዳውን ግድግዳ ጨርሰሃል» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፣ ግን ሳቁ አልዘለቀም። በአዋቂ ሰው አካል ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚቀመጠው በአጥንት ውስጥ ነው፤ ጽንሱ ካልሲየም ሲሻ ከእናቱ አጥንት ይወሰዳል፣ የከረመው እርሳስም አብሮ ወደ ደሟ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ ዴሲሊትር ደሟ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ የተገኘባትና ካልሲየም በበቂ የማታገኝ ነፍሰ ጡር ካልሲየም እንዲሰጣት የሚመክረው ለዚህ ነው።

እህቴ የብረት ክኒኗን ትወስዳለች። አፈሩን ተይው ልላት አስባለሁ፤ ነገር ግን በአጥንቷ የከረመውን ተይው ማለት አይቻልም፤ ደግሞ በስድስተኛ ወሯ ማስፈራራቱ ራሱ ምን ይጠቅማታል? ምናልባት አስቀድሜ ማነጋገር ያለብኝ እናቴን ይሆናል፤ እሷ ደግሞ ስለ ምልክቱ ስትጀምር…