ሉዶው ስድስትን ከየት ያመጣዋል?

[ምስል፦ ደሴ ፒያሳ፣ ጉም የወረደበት ከሰዓት። ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች በአንድ ስልክ ሉዶ ይጫወታሉ።]

አንደኛው ልጅ ስክሪኑን ከመንካቱ በፊት ጣቱን እፍ ይልበታል። ዳይሱን አምስት ጊዜ ጣለ፣ ስድስት እምቢ አለው። «ይሄ ጌም ሌባ ነው!» አለ።

አብሽር፣ እንየው።

የዕቁብ ዕጣ ሲወጣ ወረቀቱ ይጠቀለላል፣ ባርኔጣ ውስጥ ገብቶ ይናወጣል። ስልክ ባርኔጣ የለውም። ያለው ስሌት ነው። ስሌት ደግሞ ያንኑ ቁጥር ከሰጡት ያንኑ መልስ ይመልሳል። ታዲያ ዕጣውን እንዴት ያወጣዋል?

[ምስል፦ ደብተርና እስክሪብቶ]

አብረን እንሥራው። ከ7 እንነሳ። በ5 እናባዛ፣ 3 እንጨምር፦ 38። ለ16 አካፍለን ቀሪውን እንያዝ፦ 6። 6ንም እንዲሁ ስናደርገው 1 ይመጣል። ከዚያ 8፣ 11፣ 10፣ 5፣ 12...

የተበወዘ ካርታ ይመስላል አይደል? ግን ደግማችሁ እዩት። ጎዶሎ፣ ሙሉ፣ ጎዶሎ፣ ሙሉ። ይህን የነቃ ተጫዋች የሚቀጥለውን ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል። በ16ኛው እርምጃ ላይ ደግሞ 7 ራሷ ትመለሳለች፣ ሰልፉም እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ዕድል ያልነው ነገር ክብ መንገድ ነው።

ስለዚህ መንገዱን ማስረዘም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት ጃፓናውያን፣ ማትሱሞቶና ኒሺሙራ፣ መርሴን ትዊስተር የተባለውን ቀመር ሠሩ። የእሱ ሰልፍ ሳይደገም የሚሄድበት ርዝመት በቁጥር ቢጻፍ ከ6,000 በላይ አሃዝ አለው።

መነሻዋ 7 ሲድ ትባላለች፤ ዘር ማለት ነው። ዓለሙን ከሲድ በሚሠራው ማይንክራፍት የተባለ ጌም ላይ አንዱ ከደሴ፣ አንዱ ከኮምቦልቻ ሆነው አንድ ዓይነት ሲድ ቢያስገቡ፣ ቨርዥናቸው አንድ እስከሆነ ድረስ ተራራውም ወንዙም አንድ ነው። ሲድ ካልተሰጠው ብዙ ጌም ከመሣሪያው ሰዓት ይወስዳል። ለሉዶ ይበቃል። ገንዘብ ለተያዘበት ጨዋታ ግን አይሆንም፤ ሰዓቱን የገመተ ሰው ዕጣውን ሁሉ ቀድሞ ያሰላዋል።

[ምስል፦ ወደ ሻይ ቤቱ እንመለሳለን]

ልጁስ? ትክክለኛ ዳይስ አምስት ጊዜ ተጥሎ ስድስት አንዴም ያለመምጣት ዕድሉ ከ100 ወደ 40 ይጠጋል። የሚገርም ነገር አልደረሰበትም። በስድስተኛውም ዕድሉ ያው ከ6 አንድ ነው።

ጣቱን እፍ አለበት። ነካው። ሦስት።