ከወጣሁባቸው ቤቶች ይዤ የወጣሁት

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለተሰበሰቡ ሥራ ፈላጊዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አደራችሁ!

ከደጀን፣ ከሉማሜ፣ ከአማኑኤል ድረስ የመጣችሁ እንዳላችሁ ነግረውኛል። ሥራ ለሌለው ሰው የመኪና ሒሳብ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

እኔ በሰባት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከሥራ ወጥቻለሁ። ሰርቄ አይደለም። አርፍጄም አይደለም። ሦስቱም ጊዜ የወጣሁት የቀጠረኝ ቤት፣ ማለትም የድርጅቱ፣ ሥራ ስለቆመ ነው። ዛሬ ግን ከሦስቱም የተሻለ ሥራ ላይ ነኝ። እንዴት እንደደረስኩበት ልንገራችሁ።

በ2009 ዓ.ም. አንድ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ስቶር ኪፐር ሆኜ ተቀጠርኩ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 እቆርጣለሁ። የየዕቃውን ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚያሳየውን ቢን ካርድ እሞላለሁ። የግሬደሩንና የሎደሩን መለዋወጫ በየመደርደሪያው እለያለሁ። በ2011 አስፋልቱ አለቀ፣ የእኔም ሥራ አብሮት አለቀ።

በ2012 ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባሁ። የምንሰፋው ሱሪ በአጎዋ፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች በሰጠችው የንግድ ዕድል፣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባ ነበር። ማሽኔ በተበላሸ ቁጥር ሌሎች ሲያርፉ እኔ መካኒኩ አጠገብ ቆሜ እጁን አየው ነበር። ቀስ በቀስ ክር መወጠሪያውን ማስተካከልና ቺንጋ መቀየር ቻልኩ። ኃላፊዬ ይህን አይታ ወደ ጥገና ክፍል አዛወረችኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አገራችን ከአጎዋ ወጣች። ትዕዛዝ ቀነሰ። መጀመሪያ የማታው ፈረቃ ቀረ፣ ከዚያ አንድ መስመር ተዘጋ፣ ከዚያ የእኔ ስም ተጠራ።

ሦስተኛው እዚሁ ጎጃም ውስጥ ያለ ምግብ ማቀነባበሪያ ነው። በ2015 መጀመሪያ በጥገና ረዳትነት ገባሁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ በኋላ ያየነውን እናንተም አይታችሁታል። ጥሬ ዕቃ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ሳምንት ይቆማል። ማሽኑ ደህና ሆኖ የሚፈጨው ነገር የለውም። በ2016 ብዙዎቻችን ወጣን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስለ ሥራ ማጣት ሲወራ ስለ ገንዘቡ ብቻ ይወራል። ኀፍረቱን ማንም አያነሳውም።

ከልብስ ስፌቱ የወጣሁ ጊዜ እማየ በስልክ «ሥራ እንዴት ነው?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ ሦስት ሳምንት ደበቅኋት። በወሩ የምልክላትን ብር ከስንብት ክፍያዬ ቆርጬ ላክሁላት። ቶሎ ሥራ ለማግኘት ስል ደላላ ያገናኘኝን ካፌ ያለ ውል ገባሁ። የተነገረኝ ደመወዝና የተከፈለኝ አልተገናኙም። ሁለት ወር ሠርቼ የአንዱን ወር ግማሽ ብቻ ይዤ ወጣሁ። ያን ቤት የገባሁት አስቤበት አልነበረም። ሥራ ፈት ላለመባል ነው።

በመጨረሻ ብርድ ልብሴንና ሻንጣዬን አውቶቡስ ላይ አስጭኜ ቤት ገባሁ። እማየ ሻንጣውን አየችው። ምንም አልጠየቀችኝም። እግሬን አጥባ፣ እራት አብልታ፣ ቡናውን ካፈላች በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «አዝመራውን በረዶ የመታበት ገበሬ ሰነፍ ነው ይባላል?» እዚያው ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እናንተ ውስጥ ዛሬም ለቤተሰብ ያልነገራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬ ማታ ንገሩ። በድብቅ ሥራ የሚፈልግ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ከዘመድ የሚመጣውን ወሬም ያጣል።

በ2016 ሦስተኛውን ሥራ ሳጣ ግን እንደ በፊቱ አልሮጥኩም። ተንቀሳቃሽ ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ የቴሌግራም ማስታወቂያም አልነበረም። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁና ቁጭ አልኩ። «ስቶር ኪፐር ነበርኩ» ብዬ አልጻፍኩም። በእጄ የሠራሁትን አንድ በአንድ ጻፍኩ። የስንት ማሽን መለዋወጫ ለይቼ እንደያዝኩ። የትኛው ኩሽኔታ ቶሎ እንደሚያልቅ። ሞተር ሲግል መጀመሪያ ምኑን እንደማየው። ካቻቢቴ ይዤ ብቻዬን የምፈታውን፣ ሰው ጠርቼ የምፈታውን።

ስጽፍ አንድ ነገር ታየኝ። ሦስቱ ሥራዎች ለየብቻቸው ትንሽ ነበሩ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን መለዋወጫንም ማሽንንም የሚያውቅ ሰው ይወጣቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው በየፋብሪካው አይገኝም። በዚያው ሰሞን የሙያ ብቃት ምዘና ተመዝግቤ ተፈተንኩ። በልምድ ያገኘሁት ሙያ የወረቀት ምስክር አገኘ።

አንድ የዱቄት ፋብሪካ ረዳት እንደሚፈልግ የሰማሁት ከቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ባለቤቱ የሥራ ልምዶቼን አገላብጦ «በሰባት ዓመት ሦስት ቤት! ለምንድን ነው የማትረጊው?» አለኝ። ወረቀቶቹን አሳየሁት። በአንዱ ላይ «ፕሮጀክቱ በመጠናቀቁ»፣ በሁለቱ ላይ «በሠራተኛ ቅነሳ» ይላል። ይህች አንዲት መስመር እንድትጻፍልኝ ከየቤቱ ስወጣ ለምኜ ነበር። ያን ቀን ጠቀመችኝ።

ከዚያ ተራዬን እኔ ጠየቅሁ። «ስንዴው ከየት ነው የሚመጣው? ዱቄቱን ማን ይገዛል? ባለፈው ወር ወፍጮው ስንት ቀን ቆመ?» ስንዴው ከዙሪያው ወረዳዎች ነው። ዱቄቱን የሚወስዱት ብዙ ዳቦ ቤቶች ናቸው። በአንድ ገዢ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን ሰውየው ተነፈሰ። «ዘጠኝ ቀን» አለኝ። ኩሽኔታ ተቃጥሎ፣ ገዝቶ የሚመጣ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ፣ እስኪመለስ ቆሞ።

ደብተሬን ከፈትኩለት። ቶሎ የሚያልቁትን ዕቃዎች አስቀድሞ መደርደሪያ ላይ ማኖር፣ ያንን የሚከታተል ካርድ ማዘጋጀት፣ ወፍጮውን ሳይቆም በየሳምንቱ ማየት እንደምችል ነገርኩት። ረዳት ሊቀጥር የጠራኝ ሰው ጥገናውንም ስቶሩንም አንድ ላይ ሰጠኝ። ደመወዙ ካለፈው በሲሶ በለጠ። ዛሬ ሁለተኛ ዓመቴ ነው።

ይህን የምለው ሁላችሁም ወፍጮ ጠጋኝ እንድትሆኑ አይደለም። ሥራ ስትፈልጉ ቤቱ በምን እንደቆመ ጠይቁ። ጥያቄው ነውር አይደለም። ምናልባትም አሠሪው እናንተን የሚፈልግበትን ምክንያት የምታገኙት እዚያው ውስጥ ነው። ለእኔ የተሻለ ሥራ ማለት ደመወዙ ከፍ ያለ ብቻ አይደለም። ነገ ቤቱ ቢዘጋ ወደሚቀጥለው ቤት ይዤው የምሄደው ሙያ የሚጨምርልኝ ነው። እኔ ከዚያ ካፌ ይዤ የወጣሁት ነገር የለም።

አሁን ስለ መብታችሁ። ከኪሳችን የሚጎድለው ብዙው ባለማወቅ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሠራተኛ ቅነሳ ለሚወጣ፣ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በጽሑፍ። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ለወጣ ደግሞ ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ አለው።

በቁጥር ልንገራችሁ። ደመወዛችሁ 6,000 ብር ሆኖ ሦስት ዓመት ከሠራችሁ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለሁለቱ ዓመታት ሁለት ሁለት ሺህ፣ በድምሩ 10,000 ብር። የ60 ቀኑ 12,000 ሲጨመር 22,000 ብር ይሆናል፣ ግብር ሳይቀነስ። እኔ የመጀመሪያ ቅነሳዬ ጊዜ የ60 ቀኑን ሳላውቅ ፈርሜ ልወጣ ነበር። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ጠርታ ነገረችኝ። እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ክፍያ ካልተፈጸመላችሁ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያላችሁ አትቆዩ። ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው አልፏል ተብሎ መጠየቅ አይቻልም። ወደ ሥራ እመለሳለሁ የሚል ደግሞ ያለው ሦስት ወር ብቻ ነው። የመንገድና የሕንፃ ፕሮጀክት ላይ ያላችሁ ግን ልብ በሉ። ግንባታው እያለቀ ሲሄድ የሚደረግ የተለመደ ቅነሳ በሠራተኛ ቅነሳው ሥርዓት አይታይም። ስለዚህ ውላችሁ የየትኛውን ሥራ ማለቅ እንደሚጠቅስ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።

የሥራ ልምድ ወረቀት በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። የሠራችሁት ሥራ፣ የቆያችሁበት ጊዜና ደመወዛችሁ ይጻፍበታል። ጡረታችሁም አይጠፋም። ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይገባል፣ የየቤቱ አገልግሎትም ይደመራል። ገቢ መደረጉን ግን አጣሩ። የተቆረጠባቸው ገንዘብ ሳይገባ የቀረባቸው ሰዎች አውቃለሁ፣ ያሳዝናል።

ከፊት የተቀመጡትን አባት እያየሁ ነው። ለልጃቸው ብለው እንደመጡ ቅድም ነግረውኛል። አባቴ፣ ልጅዎ ቀን ቀን ተኝቶ ቢያዩት ስንፍና አይምሰልዎት። እኔም እንደዚያ ተኝቼ ነበር። ይጥሩትና አጠገብዎ ያስቀምጡት፣ የሠራውን አንድ በአንድ ያስነግሩት፤ የሚጽፍ ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ።

ደብተሮች ይዤ መጥቻለሁ፣ እዚያ በሩ አጠገብ ናቸው። የመጀመሪያውን ገጽ ዛሬ እዚሁ አብረን እንሙላ። የሥራ ልምድ ወረቀት የያዛችሁም አምጡት፣ የጎደለውን እናያለን። እኔ እስከ 10 ሰዓት እዚህ ነኝ። ከዚያ የማታ ፈረቃ አለብኝ።