አሻራ የእጅ፣ ዱካ የእግር
በቱሉ ዲምቱ ለተሰበሰቡ የአማርኛ መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ወላጆችና ተማሪዎች፤

አንድ ነገር ካለፈ በኋላ የሚቀረውን የምንጠራባቸው የአማርኛ ቃላት ብዙ ናቸው፤ ዱካ፣ ዳና፣ ፈለግ፣ አሻራ፣ ሰንበር፣ ጠባሳ፣ ቅሪት፣ ርዝራዥ፣ አተላ፣ ጥቀርሻ፣ ቃና፣ ዳፋ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት እነዚህ ቃላት አንድ ናቸው እየተባለ ሁሉም በ«አሻራ» መተካታቸው ስለሚያሳስበኝ ነው። በዜናው፣ በስብሰባውና በተማሪዎቻችን ድርሰት ሁሉም አሻራውን ያሳርፋል፤ ደራሲውም፣ ግንበኛውም፣ ወራሪውም፣ አንዳንዴ ጎርፉም ጭምር።

አሻራ ከእጅ የሚወጣ፣ በአብዛኛውም ታስቦበት የሚቀመጥ ምልክት ነው። ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆቻችን አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው በውሉ ወረቀት ላይ ሲጫኑ ፈቃዳቸውን እየሰጡ ነበር። ዛሬም ለፋይዳ መታወቂያ ስንመዘገብ የአሥር ጣቶቻችንን አሻራ እንሰጣለን፤ ዓይናችን ሲነሳም «የዓይን አሻራ» ይባላል፣ ቃሉ ከእጅ ተነሥቶ ዓይን ላይ ደርሷል ማለት ነው። በዚያው ሰልፍ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲጠርቡ ወይም ሲያርሱ ኖረው የጣታቸው መስመር ስለተፋቀ መሣሪያው በቀላሉ የማያነብላቸው ሰዎች ያጋጥማሉ። በምድሪቱ ላይ ብዙ የሠራው እጅ አሻራ የማይወጣው መሆኑ ያሳዝነኛል። ሌባ ሳያውቅ በመስኮት ላይ የሚተወውም አሻራ እንደሚባል አልዘነጋሁም፤ ይሁን እንጂ «አሻራዬን አኖርኩ» የሚል ሰው አስቤበት አደረግሁት ማለቱ ነው። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የችግኝ ተከላ «አረንጓዴ አሻራ» መባሉ ለእኔ ትክክል ነው፤ ችግኝ በእጅ፣ ታስቦ ይተከላልና።

ዱካ ግን የእግር ነው፤ የሚራመድ ሰው ዱካ ልተው ብሎ አይራመድም። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ከዚህ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዋሽ ዳር በምናገኘው መልካ ቁንጡሬ፣ ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ፣ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የጥንት ሰዎች ዱካዎች ተገኝተዋል። ከአዋቂዎቹ ጋር ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናትም ረግጠውታል፤ የእንስሳት ኮቴም አለበት። በአካባቢው የድንጋይ መሣሪያዎችም ስለተገኙ ተመራማሪዎቹ ሕፃናቱ ታላላቆቻቸው ሥራ በሚሠሩበት ቦታ አብረው ይውሉ እንደነበር ገምተዋል። ስፍራው በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከእነዚያ እግሮች አንዱም ለእኛ መልእክት ልተው አላለም፤ ጭቃው ለስልሶ ስለነበርና ኋላም የእሳተ ገሞራ አመድ ስለሸፈነው ብቻ ነው የደረሰን። ይህን «አሻራቸውን አሳርፈው አለፉ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ካለ፣ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ቢያስተካክለው ደስ ይለኛል። በዚሁ ሚዛን «የካርቦን አሻራ» የሚለው አዲስ ሐረግም አይጥመኝም። መኪና ስንነዳና ከሰል ስናነድ የምንተወው ጢስ ሳናስብ የሚቀር ነውና «የካርቦን ዱካ» ብንል ይቀርበዋል።

ዱካን አዳኝም ጠላትም ይከተለዋል፤ ፈለግን የሚከተል ግን ደቀ መዝሙር ነው። በግእዝ ፈለግ ወንዝ ነው፤ የአባቱን ፈለግ የተከተለ ልጅ ውኃው በቆረጠው መስመር እንደ መውረድ ያለ ነገር አድርጓል።

ከዚህ ሌላ፣ ያለፈው ነገር ራሱ ተቆርሶ የቀረበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ቅሪት እንላለን። ዱካ የሄደውን ሰው ቅርጽ እንጂ ሥጋውን አልያዘም፤ የሉሲ አጥንቶች ግን የራሷ ናቸውና ቅሪተ አካል ይባላሉ። የጠላ አተላ ከጠላው ነው፣ የጎጆ ጥቀርሻም ከጢሱ። ርዝራዥም ከዚሁ ወገን ቢሆንም ጥላቻ አለበት፤ «የቀድሞው ሥርዓት ርዝራዥ» ሲባል የቀረው መጥፋት የነበረበት ነው ማለት ነው፣ ቅሪት ግን አይፈርድም። የዚህ ሰፈር ስምም በበኩሉ ቅሪት ነው፤ ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ሲሆን፣ ዛሬ ፎቁና አስፋልቱ አፈሩን ቢሸፍኑትም ቀለሙ በስሙ ውስጥ አለ።

በሰው አካል ላይ የሚቀረው ደግሞ በጊዜ ይለያያል። ሰንበር ከአለንጋው በኋላ አብጦ ይቆይና ይጠፋል፤ ጠባሳ ግን ቁስሉ ከዳነም በኋላ ይኖራል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው ተረት የጠባሳ እንጂ የሰንበር አይደለም። በድርሰት ውስጥ ይህን አለመለየት ከቃላት ምርጫ ያለፈ ስሕተት ነው፤ የሰውን ጉዳት ማሳነስ ወይም ማጋነን ይሆናል።

የቅኔያችን «ሰምና ወርቅ»ም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጉዳይ ነው። አንጥረኛ በሰም ቅርጹን ያበጃል፣ በሸክላ ይሸፍነዋል፣ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያፈስሰውና ወርቁን በቦታው ይሞላል። ወርቁ የሚይዘው ሰሙ ሲወጣ የቀረውን ክፍት ነው። ስለ ሰምና ወርቅ ስናስተምር ድብቅ ትርጉም አለው ከማለት አልፈን ይህን የእጅ ሥራ ብናስረዳ፣ ተማሪው ሰሙ ለምን እንደሚቀድም ይገባዋል።

የማይታይና የማይዳሰስ የሚቀርም አለ። የምግብ ቃና ከአፍ አይጠፋም፣ ትዝታ ከቅኝቶቻችን የአንዱ ስም እስከ መሆን ደርሷል። ዳፋ ደግሞ አንዱ የሠራው ለሌላው ሲተርፍ ነው፤ አባት ተበድሮ ልጅ ሲከፍል ዳፋው ደረሰው እንላለን። ጦስንማ ገና ሳይደርስ እናባርረዋለን፤ ብርጭቆ ሲሰበር «ጦሳችሁን ይዞ ይሂድ» የማይል ቤት ጥቂት ነው።

መምህራን ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁን በዚህ አካባቢ ወደሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ላኳቸው፤ ከብት የጠበቁ፣ ጠላ የጠመቁ፣ ሸክላ የሠሩ ሰዎች ለሚቀር ነገር ምን ምን ስም እንዳላቸው ጠይቀው ይጻፉ። የሰበሰባችሁትን ለመስማት ስለምጓጓና ለውይይቱም ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ አቆማለሁ። አመሰግናለሁ።