«እኔ በአንተ ዕድሜ»
(ሀዋሳ ውስጥ፣ በጀማሪ አሰልጣኞች ሥልጠና መዝጊያ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ።

ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ፤ ይዛችሁ ኑ ስለተባልን ነው። መድረክ መሪው «አስር ደቂቃ አለሽ» ብሎኛል። ሯጭን በሰዓት ያስፈራራል።

አብዛኞቻችሁን አውቃችኋለሁ። ታቦር ተራራን አብረን ወጥተናል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በጥቁር ውሃ በኩል ጅብ እየፈራን አብረን ሮጠናል። ሃይላንዴን ይዛችሁ የቀራችሁም አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ።

የሁላችንም ታሪክ አንድ ነው። ሮጥን፣ አንድ ሁለት ውድድር ላይ ተሸለምን፣ ማናጀር ሊያያችሁ ይመጣል ተባልን፣ ከዚያ አንዱ ጅማት ተቆጣና ቆምን። እኔን ያስቆመኝ የተረከዜ ጅማት ነው። ሰው «አሁን ምን እየሠራሽ ነው?» ሲለኝ «አሰልጣኝ ልሆን ነው» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሥራ አላውቅም።

ዛሬ ሰርተፍኬት ተቀብላችኋል። እንኳን ደስ አላችሁ፣ ከልቤ ነው። አሁን ግን ልቆጣችሁ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። ትራያትሎን ታሠለጥኛለሽ ወይ ስባል፣ የጠየቅኩት «ሩጫው ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብቻ ነበር። አስር አሉኝ። ቀላል ነው አልኩ። ከሩጫው በፊት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና እና 40 ኪሎ ሜትር ሳይክል እንዳለ ነግረውኛል፤ እኔ ግን ማሟሟቂያ ነገር መስሎኝ ነው የሰማሁት። ስፖርቱ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. 2000 ሲድኒ ላይ ነው። እኛ አገር ገና ስሙን በደንብ የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው፤ ስለዚህ ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ነው እሺ ያልኩት።

አንድ ሆቴል እንግዶቹ ሳይነሱ በጠዋት መዋኛውን ፈቀደልን። ስድስት ልጆች ነበሩ። ከስድስቱ በሩጫ የሚበልጠው የ17 ዓመት ልጅ ነው፣ አሞራ ገደል አካባቢ ያደገ። ሐይቁ አፍ ላይ አድጎ መዋኘት አይችልም። እናቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ጉማሬ ይበላሃል» እያለች ነው ያሳደገችው፣ ደግሞ እውነቷን ነው። እኔ ዳር ላይ ቆሜያለሁ። ቱታዬን ለብሼ፣ ሰዓቴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ። እኔም መዋኘት አልችልም። ይቺን ልብ በሉልኝ።

ልጁ ጥቂት ይሄድና ጠርዙን ይይዛል። እንደገና ይሄዳል፣ ይይዛል። ተናደድኩ። «ጨክን!» አልኩት። «እኔ በአንተ ዕድሜ ደም እየተፋሁ ነው የሮጥኩት!» ደም ተፍቼ አላውቅም። ለእኔም ሲሉኝ የሰማሁት ነው።

ልጁ ጨከነ። ጠርዙን ለቆ ወደ ጥልቁ ሄደ፣ መሀል ላይ ሲደርስ ጠፋ። እጁ ሁለቴ ወጣ። እኔ ቆሜያለሁ፣ ሰዓቱም እየቆጠረ ነው። የመዋኛው ጠባቂ ከነሸሚዙ ዘሎ ገባና ጎትቶ አወጣው። ልጁ ሆዱ ውስጥ የገባውን ውሃ አስመለሰ፣ ለረጅም ጊዜ ሳለ፣ ቀና ብሎ አየኝና ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ?

«ይቅርታ ኮች።»

እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ!

በሳምንቱ ጠባቂውን አስተምረኝ አልኩት። ዕድሜዬ 33 ነው። የሕፃናቱ ጋ አስገባኝ፣ ውሃው ወገቤ ጋ ነው የሚደርሰው። ሙሉ ጠዋት ስሮጥ የማይደክመኝ ሴትዮ 25 ሜትር መጨረስ አቃተኝ። ለካ ትንፋሽ አለኝ እላለሁ እንጂ ውሃ ውስጥ ይዤው ነበር፤ ፊቴ ውሃ ውስጥ እያለ ማስወጣት ነበረብኝ። እግሬ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይሰምጣል። ቁርጭምጭሚታችን በሩጫ ብዛት ጠንክሯል፣ አስፋልት ላይ እንደ ሞላ የሚያስፈነጥረን እሱ ነው፤ ውሃ ውስጥ ግን አይዘረጋልህም፣ እንደ መቆፈሪያ ወደታች ይተከላል። የስድስት ዓመት ሕፃን በአጠገቤ ተንሳፋ አለፈች። ሳቀችብኝም።

ጠባቂው አንድ ቀን ጨክኚ አላለኝም። «ውሃውን አትደብድቢው» ነበር የሚለኝ። እጄን ይዞ ያሳየኛል፣ እንደገና ያሳየኛል። ሳልቆም 400 ሜትር ለመዋኘት አራት ወር ፈጀብኝ።

«ጨክን» የምንለው፣ ሌላ የምንለው ሲያልቅብን ነው። እኔ የልጁ ችግር ምን እንደሆነ ስለማላውቅ ነው የጮህኩት። ብናውቅ ኖሮ «አገጭህን ዝቅ አድርግ» ነበር የምንለው፣ «ትንፋሽህን ልቀቅ» ነበር የምንለው። እኔ ተረከዜን ሦስት ሳምንት አመመኝ ስል «ሲሞቅ ይለቅሻል» ተባልኩ። ሞቀ፣ አልለቀቀም። ያለኝን ሰው አልጠላውም፣ እሱንም እንዲሁ ነው ያሠለጠኑት። ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጠዋት ከአልጋ ስትነሱ እያነከሳችሁ ግድግዳ የምትይዙ ስንት ናችሁ? እጅ አውጡ እስኪ። አትፈሩ።

አያችሁ? እና ይሄንን ነው ለልጆቹ የምናወርሳቸው?

የበቆጂውን አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የስፖርት መምህር ነበር። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ በእጁ አልፈዋል። እኔ በእናንተ ዕድሜ ኦሎምፒክ ሮጬ ነበር ማለት አይችልም፣ አልሮጠማ! ያየው ልጆቹን ነው። እኛ ግን ሜዳሊያችንን አንገታችን ላይ አድርገን እንቆምና ከልጁ ፊት የራሳችንን የድሮ ፎቶ እናያለን። ይቺን «እኔ በአንተ ዕድሜ» የምትል ነገር ዛሬ እዚሁ አዳራሽ ጥላችኋት ውጡ!

እሺ። ስለ ሳይክልም ጽፌያለሁ። ሀዋሳ ሜዳ ናት፣ ልጆቻችን መንዳት ያውቃሉ። ግን በትልቅ ውድድር ከውሃ ዘግይቶ የወጣ ልጅ፣ ነፋስ እየተከላለለ አብሮ የሚነዳው ቡድን ያመልጠውና ብቻውን ነፋስ ሲገፋ ይውላል፤ መሪዎቹ አንድ ዙር ቀድመው ከደረቡት ደግሞ ከውድድሩ ያስወጡታል። አስር ኪሎ ሜትር ላይ ማንንም ይቀድም የነበረ ልጅ አስሩ ጋ ሳይደርስ ቤቱ ይገባል። ከሳይክል ወርዶ ሲሮጥ እግር እንጨት ስለሚሆን ደግሞ፣ ከሳይክል ልምምድ በኋላ ወዲያው አጭር ሩጫ አስለምዷቸው።

ሐይቁ ውስጥ ልጆች ይዛችሁ አትግቡ። ጉማሬው ብቻ አይደለም፣ ብልሃርዚያም አለ። ወላጆች ሲከለክሉ አትሳቁባቸው።

ስለ ምግብም ነበረኝ፤ መድረክ መሪው እጁን እያየ ነው፣ ይቅር።

ልጁ እንዴት ሆነ ለምትሉኝ፣ አለ። 1.5 ኪሎ ሜትሩን ይዋኛል፣ ጥልቁን ግን እስከዛሬ አይወደውም፣ እኔም ውደደው አልለውም። ዛሬ ፈተና ስላለበት ነው የቀረው።

ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መዋኛው ጋ ነኝ። መዋኘት የማትችሉ አሰልጣኞች ፎጣ ይዛችሁ ኑ፣ የሕፃናቱ ጋ እንጀምራለን። ክፍያ የለውም፣ ቁርስ ግን ከእናንተ ነው።