ስብሰባው ከአውቶቡሱ ይጀምራል

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!

ብዙዎቻችሁ ደብረ ማርቆስ የገባችሁት ትናንት ማታ ነው። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም። ድካሙ ፊታችሁ ላይ ስላለ አላረዝምባችሁም። የምናገረው ስለ መንገዱ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የመምህራን ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተገኘሁት ጀማሪ መምህር ሳለሁ ነው። ስብሰባው አዲስ አበባ፣ ወሩ ጥቅምት። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከመኪና መንገድ የአራት ሰዓት የእግር ጉዞ ነበረው። ክፍል ውስጥ አንድ ነገር አልሄድ ሲለኝ የማማክረው ሰው አልነበረኝም፤ ሁለት ዓመት እንዲሁ ብቻዬን ስታገል ቆየሁ።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ፀጉራቸው የሸበተ መምህር ነበሩ። ደጀን ላይ ብርድ ስለነበር ጋቢ ተከናንበዋል። የዓባይን ቁልቁለት ስንጀምር ጋቢው ወደ ትከሻ ወረደ፣ ትንሽ ቆይቶ ተጣጥፎ ጉልበታቸው ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ኮቱም ወለቀ፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጋሼ በሸሚዝ ቀርተው በጋዜጣ ያራግባሉ። ጎሃ ጽዮን ስንወጣ ጋቢው ተመልሶ ተደረበ። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። «ስለ ደጋና ቆላ ስታስተምር የኔን ጋቢ ንገራቸው» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያንን ትምህርት የምጀምረው በእሳቸው ጋቢ ነው። በዚያ ስብሰባ ከቀረበው ሪፖርት ግን አንዱም ትዝ አይለኝም።

ስብሰባውን ማቃለሌ አይደለም። ማኅበራችን ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣ ነው። በየካቲት 1966 መምህራን ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ፣ በአንድነት የቆሙት ቀድመው ስለሚተዋወቁ ይመስለኛል። የማታውቀውን ሰው አምነህ ደመወዝህን አደጋ ላይ አትጥልም።

ደግሞ ጊዜውን ተመልከቱት። ክረምቱ ወጥቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ አደይ በየድንበሩ ፈክታለች። ከደምበጫ ወዲህ ኑጉ አብቦ ማሳው ሁሉ ቢጫ ነው፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። የጮቄ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታው ላይ ሆኖ ጠዋት ደመናውን ገለጥ ሲያደርግ ያየ ሰው ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ አራት ግድግዳ መሀል ጠመኔ ሲተነፍስ ለሚከርም መምህር ይህን ማየት ቅንጦት አይደለም፣ ይገባዋል።

መንገድ የተዘጋባቸውን፣ ቤተሰብ እንኳ ለመጠየቅ ያልቻልንባቸውን ጊዜያት አልረሳሁም። መገናኘታችንን እንደ ቀላል ነገር ማየት ያቆምኩት ያኔ ነው።

እናም ጥያቄዬ ይኸው። ለባነርና ለቲሸርት የሚወጣው ገንዘብ ለትራንስፖርት ይዋል። በየቀበሌው ብቻውን የሚያስተምረው ወጣት በራሱ ኪስ መምጣት አይችልም፤ ከአንድ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ርዕሰ መምህሩ ብቻ መምጣቱም ይቅር። ስብሰባውም በትልልቅ ከተሞች ብቻ አይሁን፤ አንድ ዓመት ሞጣ፣ አንድ ዓመት ዳንግላ ይሁን። ወሩ ግን መስከረም ወይም ጥቅምት ይሁንልን።

አሁን ሻይ ቀርቧል። ከመነሳታችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ሰው የት እንደሚያስተምር ጠይቁልኝ። አመሰግናለሁ።